ትልቁ ሆስፒታል እስክንደርስ ያለው ሰአት፦ ከቦሌ አራብሳ የተፃፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለምትሰሩ ሀኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና ፋርማሲስቶች፣ ለነሱ መድሃኒት ለምትመድቡ፣ ደም ለምታሰባስቡና ለምታከፋፍሉ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነኝ፣ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፣ 3 ልጆች አሉኝ። ይሄን የምፅፈው ስለ ትልቋ ልጄ ነው፣ ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት፣ ዘንድሮ 13 አመቷን ያዘች። አንድ በሽታ አለባት፣ ስሙ ግላንዝማን ትሮምባስቴኒያ ይባላል። እኔ ራሴ ስሙን አስተካክዬ ለመጥራት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል ስለዚህ ሰምታችሁት ባታውቁ አልፈርድባችሁም፣ ከሚሊዮን ሰው አንድ ቢገኝ ነው ይባላል። ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ ምክንያቱም የምለምናችሁ ትልቅ ማሽን አይደለም፣ የውጭ አገር ህክምናም አይደለም፣ ከቤታችን ተነስተን ትልቁ ሆስፒታል እስክንደርስ ባለው ሰአት ውስጥ እናንተ ልታደርጉት የምትችሉትን ነገር ነው።

በሽታው ምን እንደሆነ እኔ በገባኝ መንገድ ላስረዳ። ሰው ሲቆረጥ መጀመሪያ ደርሰው ደሙን የሚያቆሙት ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው፣ የተቀደደው ቦታ ላይ ይሰበሰቡና እርስ በርስ ተያይዘው ይደፍኑታል። የሚያያይዛቸው ደም ውስጥ ያለ ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ እንደ ገመድ ቁጠሩት፣ እያንዳንዱ ፕሌትሌት ደግሞ ገመዱን የሚጨብጥበት እጅ አለው። የልጄ ፕሌትሌቶች ያ እጅ የላቸውም። ቁጥራቸው ሙሉ ነው፣ መጠናቸውም ደህና ነው፣ የቆሰለው ቦታ ድረስም ይሄዳሉ፣ ግን አይያያዙም። ለዚህ ነው ሲቢሲ (የደም ህዋሳት ቆጠራ ምርመራ) በተሰራች ቁጥር "ፕሌትሌቷ ኖርማል ነው፣ ምንም የለባትም" እየተባልን 7 አመት ሙሉ ወደ ቤት የተመለስነው። የፕሌትሌት ቁጥር ኖርማል መሆን ፕሌትሌቱ ይሰራል ማለት አይደለም፣ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ።

በሽታውን መጀመሪያ የገለፀው ኤድዋርድ ግላንዝማን የሚባል የስዊዘርላንድ የህፃናት ሀኪም ነው፣ በ1918 እ.ኤ.አ.፣ ከመቶ አመት በላይ ሆነው። እሱ ያስተዋለው የነዚህ ልጆች ደም ይረጋል ግን የረጋው ደም አይኮማተርም የሚለውን ነበር። የኛም ልጅ መጀመሪያ የተጠረጠረችው በዛው ነገር ነው። አንዲት ዶክተር፣ እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈላቸው፣ ቁጥሩን ትተው ደሟን ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ቀድተው አስቀመጡት። የጤነኛ ሰው ደም ከረጋ በኋላ ራሱን እየጨመቀ ውሃውን ለቆ ትንሽዬ ሆኖ ይቀራል፣ የሚጣ ግን እንደረጋ ቱቦውን ሞልቶ ቁጭ አለ። ቱቦውን ለኔም አሳዩኝ፣ እኔ ምንም የማላውቀው ሰውዬ እንኳን ልዩነቱን በአይኔ አየሁት። ከዛ ነው ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ የተረጋገጠው።

ወደ ኋላ ሳስበው ምልክቱ ከህፃንነቷ ጀምሮ ነበር። እናቷ አዝላት ውላ ስታወርዳት አንቀልባው የነካት ቦታ ሁሉ በልዞ ይገኛል። ጥርስ ስታወጣ ድዷ ሲደማ ትራሷ ይርሳል። ጆሮዋን ስናስበሳት 2 ቀን ሙሉ ደም ሲያዠው ነበር፣ የበሳቻት ሴትዮ ራሷ ደንግጣ መጥታ አብራን ቁጭ ብላለች። ክትባት የተከተበችበት ጭኗ ጠጥሮ ያብጣል (ክትባት አትከተብ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፣ መከተብ አለባት፣ ቀጭን መርፌ ተጠቅሞ ከዛ ቦታውን ሳያሹ ለብዙ ደቂቃ ጫን ብሎ መያዝ ነው፣ አሁን እንደዛ ነው የምናስደርገው)። ነስሩማ አይወራ። ቡዳ ነው ያሉን አሉ፣ ፀበልም ሄደናል፣ ፀበሉን አሁንም አልተውንም፣ መድሃኒቱንም አልተውንም።

አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ሲያማት ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዳችን እንጥሏን እናስቆርጣት ብለው ቆርጠው ተነስተው ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገና ህፃን እያለች ተቅማጥ ሲይዛት የወተት ጥርሷ ይነቀል ተባለ። የሁለቱም ቀን በአጋጣሚ ነው የተረፈችው፣ የሚቆርጡት ሰውዬ አልተገኙም ነበር። ይሄን ሳስብ ስንት ልጅ በዚህ መንገድ ደሙ ፈሶ ስሙ ሳይታወቅ ሄዶ ይሆን እላለሁ። በ8ኛ ቀኑ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ያለ ወንድ ልጅ ካለ እባካችሁ ገራዡን ብቻ አትውቀሱ፣ ልጁን አስመርምሩት።

ዘር ላይ ያለ ነገር መሆኑ የተነገረን ጊዜ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ተወራ። ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም ያሉ አሉ። እኔና እናቷ ስንጋባ ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ነው፣ እኔ ከመንዝ እሷ ከወሎ፣ የሚያገናኘን የለም። ዶክተሯ እንዳስረዱን ዝምድና እድሉን ይጨምረዋል እንጂ ግዴታ አይደለም፣ እኔም እናቷም አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ ጂን ይዘን ራሳችን ምንም ሳያመን እንኖራለን፣ ልጅ የሚታመመው ከሁለታችንም የተበላሸው ሲደርሰው ነው፣ በየእርግዝናው ከ4 አንድ እድል ማለት ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ደህና ናቸው። ይሄን የፃፍኩት ለሚስቴ ስል ነው፣ ብዙ ጊዜ ጣት ሲቀሰርባት አይቻለሁና።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያለፈው ሀምሌ ነው፣ ቅዳሜ ለሊት፣ የወር አበባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን። አባት ስለ ልጁ የወር አበባ አደባባይ ላይ ይፅፋል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እኔም ከመፃፌ በፊት ራሷን ጠይቄያታለሁ፣ "ፃፈው አባ፣ ሌላ ልጅ እንደኔ እንዳትሆን" ብላኛለች። ይሄ በሽታ ላለባት ሴት ልጅ ይቺ ቀን በጣም ከሚያሰጉት አንዷ ናት። የማንኛዋም ልጅ የወር አበባ መጀመሪያ አካባቢ ሰውነቷ ስርአቱን እስኪይዝ ሊበዛ ይችላል፣ የሷ ደግሞ ሲበዛ የሚያቆመው የለም።

ከምሽቱ 3 ሰአት ጀምሮ ሞዴስ በየግማሽ ሰአቱ ትቀይራለች፣ 6 ሰአት ላይ ፎጣ ነው የያዘችው፣ ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ቤት የነበረን ደም ማቆሚያ መድሃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው፣ ጥር ላይ ጥርሷ ሲወልቅ አልቆ ነበር፣ ሳልተካው ቀረሁ፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ አልደብቅም። ዝናብ ነው፣ መብራት የለም፣ ተሸክሜ በደረጃ አወረድኳት። እኔ መኪናዋ በሬ ላይ ስላለች ነው፣ ጎረቤቶቼ በዛ ሰአት ምን ያገኛሉ።

አንድ ጤና ጣቢያ ደረስን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም ምክንያቱም ያቺ ተረኛ ሲስተር ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ሮጣ ነው የተቀበለችን። ልጄ ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አየቻትና ማስታገሻ ብላ ዲክሎፌናክ መርፌ መቀመጫዋ ላይ ወጋቻት፣ እኔ በሽታዋን ለመናገር አፌን እስክከፍት መርፌው ገብቶ አልቋል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ እነዚህ ሁሉ የፕሌትሌትን ስራ የሚያዳክሙ ናቸው፣ ለጤነኛ ሰው ላይታወቅ ይችላል፣ እንደ ልጄ ላለ ግን በእሳት ላይ ላምባ ነው። ጡንቻ ውስጥ መወጋቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ፣ ውስጥ ለውስጥ ደም ፈሶ መቀመጫዋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ 3 ሳምንት በአንድ ጎኗ ነው የተኛችው። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃት ነበር።

ከዛ ትራኔክሳሚክ አሲድ አላችሁ ወይ አልኳት። ሲስተርዋ ስሙን ታውቀዋለች፣ ግን የመድሃኒት ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉ የቀን ፋርማሲስቱ ጋር ነው፣ ደወለችለት፣ እሱም አልቋል አላት። ሪፈር ፃፈችልኝ። ከአራብሳ በአያት አድርጎ በሲኤምሲ መገናኛ፣ ቀን ቢሆን በዛ መጨናነቅ መሀል ከተማ ለመግባት 2 ሰአት የሚበላ መንገድ ነው፣ እኔ 20 አመት የነዳሁ ሰው ለሊት 40 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፣ እናቷ ከኋላ ይዛት "ተናገሪ፣ አትተኚ" ትላታለች። የመጀመሪያው ሆስፒታል አልጋ የለም ብሎ ወደ ሌላ ላከን። ሁለተኛው ተቀበለን።

እዛም "ፕሌትሌቷ 280 ሺ ነው፣ ለምን ፕሌትሌት ትጠይቃለህ" ተባልኩ። ሄሞግሎቢኗ 5 ገብቷል፣ ደሟ በጣም ወርዷል ማለት ነው። ቀይ ደም ሰጧት፣ ልክ ነው፣ የፈሰሰውን ይተካል፣ መፍሰሱን ግን አያቆመውም። ቫይታሚን ኬ ሰጧት፣ ፕላዝማ ሰጧት፣ ሁለቱም ለዚህ በሽታ አይሆኑም ምክንያቱም የጎደላት እሱ አይደለም። ትራኔክሳሚክ አሲዱን እኔ ራሴ ጠዋት ፋርማሲዎች ሲከፈቱ ዞሬ 3ኛው ጋር አገኘሁት፣ ሰአቱ ከጠዋቱ 2 ሆኗል። ከቤት ከወጣን 8 ሰአት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ፕሌትሌት የተገኘው ከሰአት በኋላ ነው፣ ሲሰጣት ነው ደሙ ቀስ እያለ የቆመው። ልጄ ተርፋለች፣ ተመስገን። ግን ያ 8 ሰአት እስካሁን ያንገበግበኛል ምክንያቱም ከዛ ውስጥ ሆስፒታል የሚፈልገው ጥቂቱ ነው፣ ሌላው እዚሁ እኛ ሰፈር ሊደረግ የሚችል ነበር።

ስለዚሁ መድሃኒት ትንሽ ልበል። ትራኔክሳሚክ አሲድ አዲስ ነገር አይደለም፣ ኦካሞቶ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቁት፣ ሚስትየዋ ዶክተር ኡታኮ ሀሳባቸው በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷቸው የሚሞቱ እናቶችን ማዳን ነበር። ስራው እንዲህ ነው፦ ሰውነታችን የረጋን ደም መልሶ የሚያሟሟበት መንገድ አለው፣ መድሃኒቱ ያንን ማሟሟት ያግደዋል፣ የልጄ ሰውነት እንደምንም የሰራት ያቺ ደካማ ክዳን ቶሎ እንዳትሟሟ ይይዝላታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ከ21 አገር ከ20 ሺ በላይ ወላዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፣ ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት በ3 ሰአት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ መሞትን እንደሚቀንስ ያሳየ፣ የአለም ጤና ድርጅትም እዛው አመት ላይ በ3 ሰአት ውስጥ ይሰጥ ብሎ መክሯል። እና እኔ የምለው ምንድነው፣ ማዋለጃ ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ ሁሉ ይሄን መድሃኒት ለወላድ ብሎ ማስቀመጥ ያለበት ነው። ለሚጣ ብቻ ተብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። ያው አንድ ሳጥን ለጎረቤቴ ሚስትም ለኔም ልጅ ይሆናል።

መድሃኒት የምትመድቡ፣ እባካችሁ መርፌውንም ፍሬውንም ዳር ላሉት ጤና ጣቢያዎች ላኩ፣ መሀል ከተማማ እንደምንም ተዞሮ ይገኛል። ጤና ጣቢያ ያላችሁ ደግሞ ለሊት ተረኛዋ ሲስተር የምትደርስበት ቦታ አስቀምጡት፣ ኢመርጀንሲ ሳጥን ውስጥ፣ ከአድሬናሊኑ ጎን። ዶዙን እኔ እዚህ አልፅፍም፣ የልጄ በኪሎዋ ተሰልቶ ካርዷ ላይ ሰፍሯል። አንድ ጥንቃቄ ግን ዶክተሯ ደጋግመው ነግረውናል፣ ሽንት ላይ ደም ከታየ እንደዘበት አይሰጥም፣ የረጋው ደም የሽንት ቱቦ ሊዘጋ ስለሚችል ሀኪም መወሰን አለበት።

ለነስርና ለድድ ሆስፒታል የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛ ስንት አመት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አጋድመን አናቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስናፈስባት ኖርን፣ ደሙን ትውጠውና በኋላ ታስመልሰዋለች፣ እኛ ደግሞ ከሆዷ ነው ብለን እንጮሃለን። ቁጭ አድርጎ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጦ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ። ሳይለቁ ነው ያልኩት፣ በየደቂቃው ቆመ ወይ እያሉ መክፈት የተጀመረውን ማፍረስ ነው። ካልቆመ መድሃኒቱ የተነከረበት ጎዝ ይገባል። ለድድ ደግሞ ፍሬውን በውሃ በጥብጣ አፏ ውስጥ ይዛ ትቆያለች፣ ጥር ላይ ጥርሷ ሲወልቅ ይሄው በቃት። ጥርሷን በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ ትቦርሻለች፣ ይደማል ብሎ መተው ድዱን አቁስሎ የባሰ ያደማዋል። ትምህርት ቤቷ ያሉት መምህራን ይሄን ተምረው አሁን ከኛ እኩል ያውቁታል፣ በተለይ የስፖርት መምህሯ ኪሱ ውስጥ ጎዝ ይዞ ነው የሚዞረው፣ ባለበት ይባረክ።

ሌላው የሚከብደኝ ነገር። ከሆስፒታል ስንወጣ የወር አበባዋን እንዲቆጣጠርላት ሆርሞን ያለው እንክብል ታዘዘላት፣ ያው የወሊድ መከላከያ የሚባለው ነው። ጤና ጣቢያ ላይ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ወረቀቱን ይዤ ልጄን አስከትዬ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰራተኞች ልጄን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ "ለዚች ህፃን ነው?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ኮሪደር ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ ጋር ይሰማል። አስረዳሁ። አንደኛዋ ቢያንስ መርፌውን ትውሰድ አለች፣ ዴፖውን፣ እሱም ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ ነው። እንደገና አስረዳሁ። በመጨረሻ ሰጡን ግን ልጄ ከዛ ቀን ጀምሮ እዛ በር አልገባም ብላለች፣ እኔ ነኝ የምወስድላት። እህቶቼ፣ ያ እንክብል ለሷ ደም ማቆሚያ ነው። ወረቀቱ ላይ የሀኪም ፊርማና ማህተም አለ። ሌላ ነገር አታስቡባት፣ አታሸማቅቋት፣ ለብቻዋ ክፍል አስገብታችሁ አነጋግሯት፣ የብረት እንክብሏንም አብራችሁ ስጧት ምክንያቱም በየወሩ የምታጣው ደም ያደክማታል፣ ክፍል ውስጥ የምትተኛው ሰንፋ አይደለም።

አሁን ደም ለምታሰባስቡና ለምታከፋፍሉ። ፕሌትሌት አስቸጋሪ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ፍሪጅ አይገባም፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ውስጥ እየተወዛወዘ ነው የሚቀመጠው፣ ከ5 ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ ለሚጣ ብላችሁ አስቀምጡ ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው ስልክ ነው። ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲፅፍ ወረቀት ብቻ አስይዞ ከሚሰደን ተቀባዩ ሆስፒታል ጋር ቢደውል፣ ሆስፒታሉም እኛ መንገድ ላይ እያለን ደም ባንክ ጋር ቢደውል፣ እኛ ስንደርስ ፍለጋው ተጀምሮ ይጠብቀናል። በዛች ለሊት ፍለጋው የተጀመረው እኔ ከሀኪሞቹ ጋር ተከራክሬ ካሳመንኩ በኋላ ነው፣ እሱ ብቻ ስንት ሰአት በላ።

ደግሞ ሀኪሞች ይሄን እወቁልኝ፣ ልጄ በደማች ቁጥር ፕሌትሌት ይሰጣት እያልኩ አይደለም። እንደውም በተቃራኒው ነው። የሷ ሰውነት ያንን "እጅ" አይቶት ስለማያውቅ ከሌላ ሰው የመጣ ፕሌትሌት ላይ ሲያገኘው እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሊሰራበት ይችላል፣ ከዛ በኋላ የሚሰጣት ፕሌትሌት ሁሉ እየተበላ አይሰራላትም። ስለዚህ ለነስር አታባክኑባት፣ ለከባድ ደም መፍሰስና ለኦፕራሲዮን አቆዩላት፣ ሲሰጥም ነጭ የደም ህዋሱ ተጣርቶ የወጣለት ቢሆን ይሻላል። በጊዜ ትራኔክሳሚክ አሲድ ያገኘች ልጅ ፕሌትሌት የሚያስፈልጋት ጊዜ ያነሰ ነው፣ እኔ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ለዚህ ነው።

ፀረ እንግዳ አካል ለሰሩት፣ ወይ ፕሌትሌት በማይገኝበት ሰአት፣ ፋክተር ሰቨን ኤ የሚባል ላብራቶሪ ውስጥ የሚመረት መድሃኒት አለ፣ በኪሎ 90 ማይክሮግራም በየ2 ሰአቱ የሚሰጥ፣ አውሮፓ በ2004፣ አሜሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. ለዚህ በሽታ ፈቅደውታል። ዋጋው ለኔ አይነቱ ሰው የሚነገር አይደለም። ቢያንስ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን የሚሆን አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ የት እንዳለ ሁሉም ሆስፒታል ቢያውቅ ለሄሞፊሊያ (ሌላ ደም አልረጋ የሚልበት የዘር በሽታ) ታማሚዎችም ይጠቅማል፣ እነሱም ውስጥ የሚሰጣቸው ደም የሚያረጋ ፋክተር የማይሰራላቸው አሉና። ይሄን እየለመንኩ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሌላውን ግን እየለመንኩ አይደለም፣ መኖር ያለበት ስለሆነ ነው የምናገረው።

ለእናንተ ለምታነቡት ጎረቤቶቼና ተሳፋሪዎቼም አንድ ነገር፣ ፕሌትሌት የሚወጣው እናንተ ከምትሰጡት ደም ነው፣ 5 ቀን ብቻ ስለሚቆይ ደግሞ ባለፈው ወር የተሰጠው ለዛሬ አይሆንም። ክረምት ላይ ተማሪው ሲበተን ለጋሽ ይሳሳል፣ የልጄም ነገር የደረሰው ሀምሌ ላይ ነው። በየ3 ወሩ መስጠት ይቻላል። እኔ ከዛ ወዲህ ሰጥቻለሁ፣ ረዳቴም ሰጥቷል፣ አያት ተራ ላይ ያሉ ልጆችም የመስቀል ሰሞን አብረን ሄደናል።

ካርዷን ዶክተሯ ናቸው የፃፉላት፣ ላሚኔት አድርጌ አንገቷ ላይ አለ፣ ቦርሳዋም ውስጥ አለ፣ የኔም መኪና ዳሽቦርድ ላይ አለ። እንዲህ ይላል፦ "ይህች ልጅ የዘር ደም መፍሰስ በሽታ አለባት፣ ግላንዝማን ትሮምባስቴኒያ። የፕሌትሌት ቁጥሯ ኖርማል ነው፣ ፕሌትሌቶቹ ግን አይሰሩም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አይሰጣት። ጡንቻ ላይ አትወጋ። ደም ከፈሰሳት ትራኔክሳሚክ አሲድ ወዲያው ይሰጣት፣ ቦታው ተጭኖ ይያዝ። ካልቆመ ወይም ጭንቅላቷን ከተመታች ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ትላክ፣ ቀድሞ ይደወል።" ከስር ዶዟ፣ የደም አይነቷና ስልክ ቁጥር አለ። 6 መስመር ነው፣ ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት እሷን አንብቡልኝ።

በ20 ኮፒ አባዝቼዋለሁ። ሰኞና ማክሰኞ መኪናዋ ጋራዥ ስለምትገባ ስራ የለኝም፣ ከአያት ጀምሬ እስከ አባዶ ድረስ ባሉት ጤና ጣቢያዎች በእግርም በታክሲም እየዞርኩ ለየኢመርጀንሲ ክፍላችሁ አንድ አንድ እሰጣለሁ። ግድግዳ ላይ የምትለጥፉበት ቦታ አዘጋጁልኝ፣ ፕላስተሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

የሚጣ አባት
ቦሌ አራብሳ